ዚንክ መለበጫን በሴንሰር መከታተል፦ ለደብረ ብርሃን ብርድ የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

ከዚንክ መለበጫው ኬሚካል ጋር የሚመጣው ወረቀት «ገንዳው በክፍል ሙቀት ይሠራል» ይላል። የየት አገር ክፍል? ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በታኅሣሥና በጥር ውርጭ ሲወርድ፣ ማሞቂያ በሌለው የቆርቆሮ ወርክሾፕ ውስጥ ጠዋት ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሊሆን ይችላል። ያንኑ ኬሚካል ሸዋ ሮቢት ብትወስዱት ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ገንዳው ማቀዝቀዣ ሊያምረው ይችላል። ሁለቱም ሰሜን ሸዋ ናቸው። ወረቀቱ ግን አንድ ነው።

ባለሙያው እጁን አስጠግቶ «ደህና ነው» የሚለው ነገር በኅዳርና በግንቦት አንድ አይደለም። ልኬት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። የግድ የሆነው ሴንሰሩ ሥራው በሚበላሽበት ቦታ መቀመጡና የሚናገረው ቁጥር በየጊዜው መፈተሹ ነው።

መመሪያው የተዘጋጀው ማጠፊያ፣ ቡሎን፣ ቅንፍና የበር ዕቃ በዚንክ ለሚለብጥ ትንሽ ወርክሾፕ ነው። የገንዳዎቹ ተራ የተለመደው ነው፦ ቅባት ማስለቀቂያ፣ ማለቅለቂያ፣ የዝገት ማንሻ አሲድ፣ ማለቅለቂያ፣ የክሎራይድ ዚንክ ገንዳ፣ ማለቅለቂያ፣ ፓሲቬሽን (ልባጡን ከዝገት የሚጠብቅ የክሮም ኬሚካል ንክር)፣ የመጨረሻ ማለቅለቂያ። የምትሠሩት በአልካላይን ዚንክ ወይም በኒኬል ከሆነ ቁጥሮቹ ይለያያሉ፤ አካሄዱ ግን ያው ነው።

ከመግዛት በፊት ደብተር

ብዙ ሰው ሴንሰሩን ከገዛ በኋላ ነው ቦታ የሚፈልግለት። እናንተ ተቃራኒውን አድርጉ። አንድ ደብተር ግድግዳው ላይ አንጠልጥሉ። የተበላሸ ዕቃ በወጣ ቁጥር ሰዓቱ፣ የዕቃው ዓይነትና ጉድለቱ ምን እንደሚመስል ይጻፍበት። ሁለት ሳምንት በቂ ነው።

ጉድለቱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ዕቃው ሲታጠፍ ልባጡ ከተላጠ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከዚንኩ ገንዳ በፊት ነው። ቅባቱ በደንብ አልለቀቀም፣ ወይም አሲዱ ደክሟል። ጠርዙና ጫፉ ጠቁሮ ከሻከረ ተቃጥሏል ማለት ነው። አምፔሩ በዝቷል፣ ገንዳው ቀዝቅዟል፣ ወይም ቦሪክ አሲዱ (የገንዳው አሲድነት እንዳይዋዥቅ የሚይዘው ዱቄት) አንሷል። ጠርዙ አብረቅርቆ ጎድጓዳው ቦታ ደብዝዞ ከቀረ ገንዳው ከመጠን በላይ መሞቁን ወይም አምፔሩ ማነሱን ጠርጥሩ። ዕቃው ከደረቀ በኋላ ነጭ ነጠብጣብ ካወጣ ደግሞ ወደ ማለቅለቂያው ሂዱ።

አሁን የሰዓቱን ዓምድ ተመልከቱ። የተቃጠለው ዕቃ በብዛት ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከወጣ፣ የመጀመሪያው ገንዘባችሁ ወደ ሙቀት መለኪያ ይሂድ። ሲደጋገም የማየው ይሄ ነው።

ሙቀት

ብዙዎቹ የክሎራይድ ዚንክ ገንዳዎች የሚመቻቸው ከ20 እስከ 35 ዲግሪ ነው። ትክክለኛውን ወሰን ከኬሚካል አቅራቢው ወረቀት ውሰዱ። ከዚያ በታች ሲወርድ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ ገንዳው የለመደውን አምፔር መሸከም ያቅተውና ጠርዝ ማቃጠል ይጀምራል። ሁለተኛ፣ ቦሪክ አሲዱ ይረጋል።

ሁለተኛው ብዙ ሰው ያታልላል። ቦሪክ አሲድ በንጹሕ ውሃ ውስጥ በ20 ዲግሪ በሊትር ወደ 47 ግራም ይሟሟል፤ በ0 ዲግሪ ግን ወደ 25 ግራም ብቻ። ጨው በበዛበት ገንዳ ውስጥ ነገሩ ይብሳል። ውርጭ ባደረበት ጠዋት የአኖዱን (ገንዳው ውስጥ የሚሰቀለውን የዚንክ ብረት) ከረጢት አንሥታችሁ እዩት። ነጭ ስስ ቅርፊት ለጥፎበት ታገኛላችሁ። ጣታችሁን በጓንት ብታሳልፉበት እንደ ደቃቅ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። ያ ትናንት የሟሟው ቦሪክ አሲድ ነው። ይህን ያላየ ሠራተኛ «ቦሪክ አንሷል» ብሎ ይጨምራል፤ ቀኑ ሲሞቅ ሁሉም ይሟሟና መጠኑ ከልክ ያልፋል። መድኃኒቱ ማሞቅ ነው።

በሸዋ ሮቢት በኩል ያላችሁ ደግሞ የላይኛውን ወሰን ጠብቁ። ገንዳው ከመጠን በላይ ሲሞቅ ማብረቂያ ኬሚካሉ ከውሃው ይለያል፤ ገንዳው ይደፈርሳል፤ ልባጡም ይደበዝዛል።

ለዚህ ሥራ በገበያ በቀላሉ የሚገኘው ዲኤስ18ቢ20 የተባለው ዲጂታል ሴንሰር ይበቃል። ከ10 ዲግሪ ከዜሮ በታች እስከ 85 ዲግሪ ባለው ክልል ስሕተቱ በግማሽ ዲግሪ ውስጥ ነው፤ ለዚንክ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። በዳታ ሽቦውና በፓወር ሽቦው መካከል የ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አትርሱ። ኬብሉ ረጅም ከሆነና በሬክቲፋየሩ (ለገንዳው ኤሌክትሪክ በሚሰጠው መሣሪያ) አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ ግን ፒቲ100 የተባለውን የፕላቲነም ሙቀት ሴንሰር ባለ ሦስት ሽቦ እመርጣለሁ። የሬክቲፋየሩ ረብሻ ዲጂታሉን መስመር ያቋርጠዋል።

አቀማመጡ ከዓይነቱ ይበልጣል። የሴንሰሩ አይዝጌ ብረት ጫፍ በቀጥታ ገንዳው ውስጥ አይገባም። ክሎራይዱ ይበላዋል። በአኖድና በካቶድ (በሚለበጠው ዕቃ) መካከል ያለ ብረት ደግሞ ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያልፍበት በአንድ በኩል ይሟሟል፣ በሌላው ይለበጣል። አንድ ጫፉ የተዘጋ የቴፍሎን ወይም የፖሊፕሮፒሊን ቱቦ ውሰዱ፣ ሴንሰሩን ከውስጥ አስገቡት፣ ጥቂት የሙቀት አስተላላፊ ቅባት ጨምሩበት። ንባቡ ትንሽ ይዘገያል፤ ገንዳ ግን በደቂቃ ውስጥ ስለማይለዋወጥ ችግር የለውም።

ሁለት አድርጉ። አንዱ ከውሃው ገጽ 15 ሴንቲሜትር ወደ ታች፣ ሌላው ከገንዳው ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሁለቱም ከማሞቂያው ራቅ ብለው። ጠዋት ማሞቂያው ሲከፈት ሙቁ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። የላይኛው 26 ሲል የታችኛው 16 ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ2 ዲግሪ በታች እስኪሆን ድረስ ዕቃ አይንጠልጠል። ማማሰያ ፓምፕ ካላችሁ ከማሞቂያው ጋር አብሮ ይከፈት።

አሁን ፍተሻው። የተፈጨ በረዶ በውሃ አድርጋችሁ እያማሰላችሁ ሴንሰሩን ንከሩት፤ ዜሮ ማንበብ አለበት። የላይኛውን ነጥብ በሚፈላ ውሃ ስትፈትሹ ተጠንቀቁ። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። በዚህ ከፍታ የሚፈላው ከ90 እስከ 91 ዲግሪ ባለው ነው። ሴንሰሩ 90.5 ካነበበ ትክክል ነው። ወደ 100 «አስተካክላችሁ» ከገባችሁ፣ ጤነኛውን ሴንሰር ራሳችሁ አበላሻችሁት ማለት ነው። ብዙዎቹ መመሪያዎች የተጻፉት ለቆላና ለባሕር ዳርቻ ነው፤ ይህን አንድ ቁጥር በር ላይ ለጥፉት።

አንድ ነገር ልጨምር። ዲኤስ18ቢ20 መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ የመጀመሪያውን ልኬት ሳይጨርስ ከተጠየቀ 85 ዲግሪ ይላል። ሽቦው ሲበጠስ ደግሞ በተለመደው የፕሮግራም ላይብረሪ ከዜሮ በታች 127 ይታያል። ሁለቱም ሙቀት አይደሉም። ፕሮግራማችሁ ሁለቱን ቁጥሮች እንደ ብልሽት እንዲቆጥር አድርጉ። አለዚያ 85 ያየው መቆጣጠሪያ ማሞቂያውን ይዘጋዋል፣ ገንዳውም ሲቀዘቅዝ ያድራል።

የውሃው ከፍታ፣ ለእሳት ሲባል

እዚህ ላይ አጠር አድርጌ እናገራለሁ፤ የሚታለፍ ግን አይደለም። በመለበጫ ቤቶች ከሚነሡ የእሳት አደጋዎች አንዱ ዋና ምክንያት ውሃው ጎድሎበት በደረቁ የሚሠራ ማሞቂያ ነው። የፕላስቲክ ገንዳ ይቀጣጠላል። ቅባት ማስለቀቂያው ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ስለሚሠራ ውሃው በፍጥነት ይተናል፤ ስለዚህ ከሱ ጀምሩ።

የፖሊፕሮፒሊን ተንሳፋፊ ስዊች ከማሞቂያው ጫፍ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ይገጠም። ሽቦው የሚያያዘው ውሃው ሲጎድል ወይም ሽቦው ራሱ ሲበጠስ ማሞቂያው እንዲጠፋ ተደርጎ ነው። ይህ በፕሮግራም በኩል ማለፍ የለበትም። ስዊቹ የማሞቂያውን ኮንታክተር (ከባድ ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋ ማግኔታዊ ስዊች) በቀጥታ ይቁረጥ። ኮምፒዩተር ሊንገራገር ይችላል፤ ሽቦ ግን አይንገራገርም።

ማሞቂያውን ስትመርጡ ሒሳቡን ሥሩ። 300 ሊትር ውሃ ከ12 ወደ 65 ዲግሪ ለማድረስ ወደ 18.5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። በ6 ኪሎዋት ማሞቂያ ከሦስት ሰዓት በላይ ነው፤ በክዳን ያልተሸፈነ ገንዳ ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። ሥራ በ2 ሰዓት የሚጀመር ከሆነ ማሞቂያው ከንጋቱ 11 ሰዓት በፊት በራሱ መነሣት አለበት።

አምፔርና ጊዜ፦ ልባጡ የሚለካበት ቦታ

ምርጡ ክፍል ይሄ ይመስለኛል። በዚንክ ልባጥ ውስጥ አምፔር ማለት ብረት ነው። አንድ አምፔር ለአንድ ሰዓት ሲፈስ በመርሕ ደረጃ 1.22 ግራም ዚንክ ያስቀምጣል። ይህ የፋራዴይ ሕግ ነው፤ በብርድም በሙቀትም አይለወጥም። የክሎራይድ ገንዳ ብቃት ደግሞ 95 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ አምፔሩንና ሰዓቱን የመዘገበ ሰው የልባጡን ውፍረት ዕቃው ገና ከገንዳ ሳይወጣ ያውቀዋል።

በምሳሌ እንየው። የማጠፊያው ሳህን 10 ሴንቲሜትር በ4 ሴንቲሜትር ነው። ሁለቱ ገጽ ሲደመር 80 ሴንቲሜትር ካሬ፣ ማለትም 0.8 ዴሲሜትር ካሬ። መስቀያው ላይ 50 ሳህን ካለ 40 ዴሲሜትር ካሬ ይሆናል። በአንድ ዴሲሜትር ካሬ 2 አምፔር ብትሰጡ 80 አምፔር ነው። በዚህ መጠን ልባጡ በደቂቃ ወደ 0.54 ማይክሮን ያድጋል። 15 ደቂቃ ብታቆዩት ወደ 8 ማይክሮን፣ 23 ግራም ያህል ዚንክ። በአይሶ 2081 (የዚንክ ልባጥ ዓለም አቀፍ ደረጃ) መደበኛ ውፍረቶቹ 5፣ 8፣ 12 እና 25 ማይክሮን ናቸው። ቤት ውስጥ ለሚገጠም ማጠፊያ 8 ጥሩ ነው። ዝናብ ለሚያገኘው የግቢ በር ግን 12 ጠይቁ፤ 15 ሳይሆን 22 ደቂቃ ገደማ።

አማካይ ነው እንጂ ሁሉም ቦታ እኩል አይለበጥም። ጠርዙ ይወፍራል፣ መሃሉ ይሳሳል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዙር አንድ ሁለት ዕቃ አውጥታችሁ መሃሉን በማግኔቲክ ውፍረት መለኪያ እዩ። ሒሳቡና መለኪያው ከተለያዩ፣ ወይ ንክኪ የለውም፣ ወይ ኤሌክትሪኩ በመስቀያው ላይ እየባከነ ነው። መስቀያው ራሱ በዚንክ ወፍሮ ከሆነ የእናንተን ግራም እየበላ ነው።

አምፔሩን ለመለካት ሻንት (መጠኑ በትክክል የታወቀ በጣም ትንሽ ሬዚስተር) ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ 100 አምፔር ሲያልፍበት 75 ሚሊቮልት የሚሰጥ። እሱን አይኤንኤ226 ከተባለው መለኪያ ቺፕ ጋር ታገናኙታላችሁ። ቺፑ የሚቀበለው እስከ 81.9 ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ ሻንቱን ከሬክቲፋየራችሁ አቅም ጋር አዛምዱት። ሻንቱ በመመለሻው፣ ማለትም በኔጌቲቩ መስመር ላይ ይግባ። ርካሽ ሬክቲፋየር የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ስለሚንቀጠቀጥ ቺፑ ብዙ ናሙና ወስዶ አማካይ እንዲሰጥ አዘጋጁት። መስመሩን መቁረጥ ካልፈለጋችሁ ኬብሉ በመሃሉ የሚያልፍበት የሆል ሴንሰርም አለ፤ ዜሮው ግን በሙቀት ስለሚንሸራተት ጠዋት ጠዋት ሬክቲፋየሩ ሳይበራ ዜሮውን ያዙ።

ቮልቴጁንም መዝግቡ። አምፔሩ ያው ሆኖ ቮልቴጁ ካለፈው ሳምንት ጋር ሲነጻጸር በግልጽ ካደገ፣ የሆነ ቦታ መንገድ ጠቧል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ሙቀቱን እዩ፣ መንጠቆውንና የመዳብ ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ፣ ከዚያ አኖዱን አውጥታችሁ እዩ። ብዙ ጊዜ ከመዳብ ዘንጉ አያልፍም።

የአምፔር ሰዓቱ ድምር ሌላም ጥቅም አለው። ማብረቂያ ኬሚካል የሚያልቀው በቀን ብዛት ሳይሆን በአምፔር ሰዓት ነው። የኬሚካል አቅራቢው ወረቀት ላይ «በዚህን ያህል ሺህ አምፔር ሰዓት ይህን ያህል ሚሊ ሊትር» የሚል መስመር አለ። ድምሩን ስክሪን ላይ አድርጉት፤ «ዛሬ ትንሽ ልጨምር» የሚባለው ነገር ይቀራል።

ማለቅለቂያው

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧውን ሙሉ ቀን ከፍቶ ማለቅለቅ አይቻልም። ቆጥቦ ማለቅለቅ ደግሞ ነጠብጣብ ያመጣል። መሃሉን የሚያሳያችሁ የኮንዳክቲቪቲ መለኪያ ነው። በውሃው ውስጥ ጨውና አሲድ ሲበዛ ውሃው ኤሌክትሪክን የበለጠ ያስተላልፋል፤ ቁጥሩም ያድጋል።

አንድ ወጥ ወሰን ከኢንተርኔት አትውሰዱ። መጀመሪያ የቧንቧችሁን ውሃ ለኩ። ያ መነሻችሁ ነው። ከዚያ የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ቁጥር እየመዘገባችሁ ሥሩ፣ የደረቀውን ዕቃ በብርሃን እዩ። ነጭ ነጠብጣብ የጀመረበት ቁጥር የእናንተ ወሰን ነው። ከዚያ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ በሶሌኖይድ ቫልቭ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ቫልቭ) ውሃው እንዲከፈትና እንዲዘጋ አድርጉ።

ሙቀትን እዚህም አስቡ። ኮንዳክቲቪቲ በአንድ ዲግሪ 2 በመቶ ገደማ ይለዋወጣል። ያልተስተካከለ መለኪያ 12 ዲግሪ ውሃ ላይ ከ25 ዲግሪው በሩብ ያህል ዝቅ አድርጎ ያነባል። ቆሻሻ ውሃ በብርድ ንጹሕ ይመስላል ማለት ነው። ወደ 25 ዲግሪ የሚያስተካክል መለኪያ ግዙ፣ ወይም አጠገቡ የሙቀት ሴንሰር አድርጋችሁ በፕሮግራም አስተካክሉ። መለኪያው ውሃው በሚወጣበት በኩል ይቀመጥ፤ በሚገባበት በኩል ካስቀመጣችሁት ሁልጊዜ ንጹሕ ነው የሚለው።

አንዱን ማለቅለቂያ ገንዳ ለሁለት ብትከፍሉት ግን ከማንኛውም ሴንሰር የበለጠ ታተርፋላችሁ። ንጹሕ ውሃ በመጨረሻው ይገባል፣ ከእሱ ወደ ፊተኛው ይፈስሳል፣ ዕቃው በተቃራኒው ይሄዳል። ልብስ አጣቢ የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ውሃ ለሚቀጥለው ልብስ መዘፍዘፊያ እንደምታደርገው ነው። ዕቃው በሰዓት 1 ሊትር ኬሚካል ይዞ ይወጣል እንበል። አንድ ሺህ ጊዜ ለማቅጠን በአንድ ገንዳ በሰዓት ወደ 1,000 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። በሁለት ተከታታይ ገንዳ ወደ 32 ሊትር ይበቃል። መጀመሪያ ይህን አድርጉ፣ ሴንሰሩ ከዚያ ይመጣል።

ፒኤች

የክሎራይድ ዚንክ ገንዳ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ቁጥር) በብዛት ከ4.8 እስከ 5.8 ባለው ውስጥ ይያዛል። ሲሠራ ሲውል ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ በተቅጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይመለሳል፣ በጠብታ እየተማሰለ። አሲድ ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም።

የፒኤች ኤሌክትሮድ መስታወት ነው፣ ያረጃል፣ ይቆሽሻል። በቋሚነት ገንዳ ውስጥ እንዲቀመጥ አልመክርም። በገንዳው ውስጥ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ንባቡን ያዛባዋል፤ ሬክቲፋየሩ ሲበራ ቁጥሩ ሲዘል ታዩታላችሁ። በጠዋትና ከሰዓት በኋላ በትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ናሙና ቀድታችሁ ከገንዳው ውጭ ለኩ። ለትንሽ ወርክሾፕ ከዚህ የተሻለ የለም።

በየቀኑ ከመጀመራችሁ በፊት በ7.00 እና በ4.01 በፈር (ፒኤቹ አስቀድሞ በታወቀ ፈሳሽ) ፈትሹት። በ25 ዲግሪ አንድ ፒኤች ወደ 59 ሚሊቮልት ይሰጣል፤ በ15 ዲግሪ ወደ 57። መለኪያው ስሎፑን (ኤሌክትሮዱ ከዚህ ሚሊቮልት ምን ያህሉን እንደሚሰጥ) በመቶኛ ካሳየ ከ95 በታች ሲወርድ አጽዱት፣ ከ90 በታች ከሆነ ቀይሩት። በፈሩም ናሙናውም አንድ ዓይነት ሙቀት ይኑራቸው። ሲያድር 3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ ይደር። በባትሪ ውሃ (በተጣራ ውሃ) ውስጥ ማሳደር ኤሌክትሮዱን ይገድለዋል።

አሲዱና ምድጃው

ለዝገት ማንሻው አሲድ ርካሽና አስተማማኝ ሴንሰር አላምንም። ብዙ ቤት በሃይድሮሜትር (የፈሳሽ ክብደት መለኪያ) ብቻ ይለካል። ይህ ያሳስታል። አሲዱ ሲዳከም ክብደቱ ይቀንሳል፣ የሟሟው ብረት ግን ክብደቱን ይጨምራል። ያለቀለት አሲድ ከአዲሱ ይልቅ ከብዶ ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ በሳምንት አንዴ በታይትሬሽን (መጠኑ የታወቀ ኬሚካል በጠብታ እየጨመሩ አሲዱን በመለካት) ይለካ። ከተማው ውስጥ ዩኒቨርሲቲም ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅም አለ፤ ታይትሬሽን የሚያውቅ ወጣት ማግኘት ከባድ አይደለም። አሲዱ ባለበት ቤት በረኪና ፈጽሞ አይግባ፤ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ይገድላል።

ጭንቅላታቸው ላይ 12.9 የተጻፈባቸው ጠንካራ ቡሎኖች ከመጡላችሁ ደግሞ ሌላ ኃላፊነት አለ። በአሲዱና በልባጡ ጊዜ ሃይድሮጅን ወደ ብረቱ ይገባል፣ ቡሎኑ ከታሰረ በኋላ በድንገት ይሰበራል። ከተለበጡ በኋላ በ4 ሰዓት ውስጥ ምድጃ ገብተው፣ ከፓሲቬሽን በፊት፣ ከ190 እስከ 220 ዲግሪ ለሰዓታት መጋገር አለባቸው። ምድጃው ውስጥ ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል (ለከፍተኛ ሙቀት የሚሆን ሴንሰር) ከቡሎኖቹ መሃል ይቀመጥ፣ ሰዓቱም መቆጠር የሚጀምረው ቡሎኖቹ ወደዚያ ሙቀት ሲደርሱ ነው፤ የምድጃው አየር ሲደርስ አይደለም። መዝገቡ ከሌላችሁ ሥራውን አትቀበሉ። የሰው ሕይወት የሚሸከም ዕቃ ነው።

ሳጥኑ፣ ሰዓቱ፣ መብራቱ

መቆጣጠሪያው ኢኤስፒ32 የተባለው ትንሽ ኮምፒዩተር ሊሆን ይችላል፤ ርካሽ ነው፣ ዋይፋይ አለው። የራሱ አናሎግ ንባብ ስለማያስተማምን ኤዲኤስ1115 የተባለውን የቮልቴጅ ማንበቢያ ቺፕ ጨምሩለት። ሳጥኑ ከአሲዱ ክፍል ውጭ ይሁን። የሃይድሮክሎሪክ ትነት የመዳብ እግሮችን በወራት ውስጥ አረንጓዴ ያደርጋቸዋል። ኬብሎቹ ከታች ይግቡ፣ መግቢያቸው በጎማ ይጥበቅ። የማሞቂያው መስመር ላይ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ የሚቆርጥ ስዊች (አርሲዲ) ይኑር።

መብራት መጥፋቱን እንደ ልዩ ክስተት አትቁጠሩት። ለመቆጣጠሪያው ትንሽ ባትሪ፣ ለሰዓቱ ዲኤስ3231 የተባለው የሰዓት ቺፕ ከነባትሪው፣ ለመዝገቡ ሚሞሪ ካርድ ይኑር። መብራት በልባጥ መሃል ሲጠፋ ደቂቃው ይመዝገብ፤ መስቀያው ከገንዳው ይውጣ፣ ይለቅለቅ። ሲመለስ ዕቃው በተቅጠነ አሲድ ነቅቶ ነው የሚገባው። እንዲሁ ከቀጠላችሁ አዲሱ ንብርብር በአሮጌው ላይ በደንብ ላይዝ ይችላል።

ሰዓቱ ላይ አንድ ምክር አለኝ። ፋይሉ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይቀመጥ፣ ስክሪኑ ግን 6 ሰዓት ቀንሶ በእኛ አቆጣጠር ያሳይ። ስክሪኑ 08:00 ሲል ሠራተኛው ደብተሩ ላይ 2 ሰዓት ከጻፈ፣ በወሩ መጨረሻ ሁለቱን ማገናኘት የማይቻል ይሆናል።

ማስጠንቀቂያው በቴሌግራም ቢመጣ ጥሩ ነው። ግን ቁጥር ብቻ አይላክ፤ ምን እንደሚደረግ ይናገር። «ዚንክ ገንዳ 17 ዲግሪ። ዕቃ አትስቀሉ። ማሞቂያውን እዩ።» በቂ ነው። በቀን ሃያ መልእክት የሚልክ ስልክ ድምፁ ይዘጋል፤ ስለዚህ ወሰኖቹን ከሁለት ሳምንት መዝገብ በኋላ አውጡ፣ ሥራ የሚያስቆመውንና ማየት ብቻ የሚፈልገውን ለዩ።

የሚወጣው ውሃ

ከወርክሾፑ የሚወጣው ውሃ በረሳ ወንዝ ገብቶ የጀማን ወንዝ ይዞ ወደ አባይ ይሄዳል። በታች በኩል ከብቱን የሚያጠጣ ገበሬ አለ። ይህን ክፍል ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት ስለሚያንስ አይደለም፤ ከላይ ያሉት ሁሉ ሲሠሩ የሚወጣው ውሃ ስለሚቀንስ ነው።

ውሃው በአንድ ጋን ይጠራቀም። በኖራ ወይም በኮስቲክ ሶዳ ፒኤቹ ከ8.5 እስከ 9.5 ሲሆን ዚንኩ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል። ከ8 በታች ብዙው ሟምቶ ይቀራል። ከ10.5 በላይ ከወጣ ደግሞ ተመልሶ ይሟሟል፤ ስለዚህ «ኖራ በበዛ ቁጥር ይሻላል» ውሸት ነው። ገንዳችሁ አሞኒየም ክሎራይድ ያለበት ከሆነ አሞኒያው ዚንኩን ይዞ እንዳይወርድ ያደርገዋል፤ በፖታሲየም ወደሚሠራው ብትለውጡ ይሻላል።

እዚህ ላይ የፒኤች ኤሌክትሮዱ በቋሚነት ይቀመጣል፤ ኤሌክትሪክ የለበትም። የመውጫው ቫልቭ ኃይል ሲያጣ የሚዘጋ ዓይነት ይሁን። የሚከፈተውም ፒኤቹ ለ15 ደቂቃ ሳያቋርጥ በወሰኑ ውስጥ ሲቆይና ሠራተኛው ከላይ ያለው ውሃ መጥራቱን አይቶ ቁልፉን ሲጫን ብቻ ነው። ኤሌክትሮዱ ከተበላሸ፣ ሽቦው ከተበጠሰ፣ መብራት ከሄደ ቫልቩ ዝግ ሆኖ ይቆያል። ዝቃጩ በጨርቅ ተጨምቆ፣ ደርቆ፣ ክዳን ባለው በርሜል ስሙና ቀኑ ተጽፎበት ይቀመጥ። ለማዳበሪያ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣም አይሰጠው፤ ውስጡ ዚንክና ክሮም አለ።